የአእምሮ ሕመምና አምስቱ በሮች
(በሬዲዮ ከተላለፈ ንግግር የተገለበጠ)

  

ዛሬ የምንነጋገረው ስለ አእምሮ ሕመም ታሪክ ነው። ሰዎች በየዘመኑ ስለዚህ ሕመም ምን አሰቡ? ያሰቡትስ ነገር በታማሚው ላይ ምን አስከተለ? ይህንን አንድ በአንድ እናያለን።

ነገሩን ከአንድ ቤት እንጀምር። ቤቱ ሐረር ከተማ፣ ጀጎል ግንብ ውስጥ ነው እንበል። እናቲቱ ጊድር መገላ ገበያ ላይ ቅመም ትሸጣለች። ልጇ የሃያ ዓመት ወጣት ነው። ጎበዝ ተማሪ ነበር። ከጥቂት ወራት ወዲህ ግን እንቅልፍ አጣ። «ምግቡ መርዝ አለበት» ብሎ መብላት ተወ። ማንም የማያየው ሰው ያናግረዋል፤ እሱም መልስ ይሰጣል። አንድ ሌሊት በሩን ከፍቶ ወጣና በጎረቤት ቤት ላይ ድንጋይ ወረወረ። በማግሥቱ ዘመድ ተሰበሰበ። ልጁን ጓዳ አስገብተው እግሩን በሰንሰለት አሰሩት። የሰንሰለቱን ቁልፍ ለእናቱ ሰጧት።

እናቲቱ ክፉ ሰው አይደለችም። ቁልፉን በመቀነቷ ቋጥራ ትውላለች። ማታ ማታ ሰንሰለቱ የላጠውን እግሩን ቅቤ ትቀባዋለች። ልጇን የምታስረው ስለምትጠላው ሳይሆን ሌላ መንገድ ስላላየች ነው።

ይህ ቤት ለምሳሌ ያህል ያመጣነው ነው። ነገር ግን እንዲህ ያለ ጓዳ በሐረር ብቻ ሳይሆን በሌላውም የአገራችን ክፍል አለ። ታዲያ ያንን ሰንሰለት የሚፈታው ምንድን ነው? የዛሬው ንግግራችን ለዚህ ጥያቄ መልስ ይፈልጋል።

አምስት በር፣ አንድ ከተማ

ሐረርን የምታውቁ ታስታውሳላችሁ። የጀጎል ግንብ በ16ኛው መቶ ዓመት፣ በአሚር ኑር ዘመን የተሠራ ነው። ግንቡ አምስት የጥንት በሮች አሉት። እነሱም ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በርና ፈላና በር ናቸው። ሰው በየመጣበት አቅጣጫ በአንዱ በር ይገባል። በሸዋ በር የገባ ሰው በኤረር በር የገባውን፣ «አንተ የገባህበት ሐረር አይደለም» ቢለው ያስቃል፤ አይደል? ሁለቱም የገቡት አንድ ከተማ ውስጥ ነው።

የአእምሮ ሕመምም እንደዚሁ ነው። የሰው ልጅ ይህን ሕመም ለመረዳት ብዙ በር አንኳኩቷል። ዋና ዋናዎቹን በአምስት እንክፈላቸው። እነሱም መንፈስ፣ አካል፣ የተደበቀ ስሜት፣ ልማድና ኑሮ ናቸው። እያንዳንዱ በር አንድ እውነት ያሳያል። እያንዳንዱም በር ብቻውን ሲቀር ጉዳት አድርሷል።

በዚህ ንግግር የአገራችንን ዓመታት በዓመተ ምሕረት እንጠራለን። የውጭ አገሩን ግን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ስለሆነ «እ.ኤ.አ.» ብለን እንለየዋለን።

የመጀመሪያው በር፤ መንፈስ

ልጁ በታመመ ሰሞን ጎረቤት ሁሉ ምክር ይዞ መጣ። አንዱ ሽማግሌ «ልጄ፣ ይህን ልጅ ጂኒ ነክቶታል» አላት። ሌላዋ «እትዬ፣ ቡዳ በልቶት ነው» አለቻት። ሦስተኛዋ ደግሞ «ዛር ነው፤ የሚፈልገውን ካላገኘ አይለቀውም» አለች።

ይህ ከሁሉ የቆየው በር ነው። በኢትዮጵያ ብቻ ሳይሆን በጥንቱ ዓለም ሁሉ ሰው በመጀመሪያ ያንኳኳው ይህንን በር ነው። ሰው ድንገት ሲለወጥ፣ በራሱ ድምፅ ሳይሆን በሌላ ድምፅ ሲናገር፣ «ሌላ ነገር ገብቶበታል» ማለት ለማንም ይቀላል።

በሐረር ለዚህ በር የሚሆን ብዙ ቦታ አለ። ጀጎል በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ሲመዘገብ 82 መስጊዶችና 102 የአዋች መቃብሮች እንዳሉት ተጽፏል። አዋች የሚባሉት የከተማዋ ቅዱሳን አባቶች ናቸው። ሰው ወደ መቃብራቸው ለዚያራ ይሄዳል፤ ለታመመ ዘመዱ ዱዓ ያስደርጋል። የክርስትና አማኞችም በበኩላቸው ታማሚያቸውን ወደ ጠበል ይወስዳሉ። ራስ መኮንን ያሠሩት የቁልቢ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን ከሐረር ብዙ አይርቅም። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ቀን ከየአገሩ ስለት ይዞ የሚመጣው ሕዝብ መንገዱን ይሞላዋል። በሰሜኑ የአገራችን ክፍል ደግሞ ደብተራዎች በታማሚው ቁመት ልክ ብራና ቆርጠው ክታብ ይጽፉ ነበር።

ጅቡንም አንርሳ። የሐረር ሰው በቋንቋው ጅብን ወራባ ይለዋል። በድሮው እምነት ጅብ ወደ ከተማ ሲገባ ጂኒ ይበላል፤ ከተማዋን ያጸዳል። ለዚህም በግንቡ ላይ ጅብ የሚገባባቸው ቀዳዳዎች አሉ። በአሹራ ዕለት ለጅቦች ገንፎ የማብላት ልማድም አለ።

እንግዲህ ይህ በር ምን ጥሩ ነገር አለው? ሁለት ነገር አለው። አንደኛ፣ ሕመሙ ከውጭ የመጣ ነው ስለሚል ታማሚውን ጥፋተኛ አያደርገውም። ሁለተኛ፣ ታማሚውን ከሰው አይለይም። ዘመድ ይሰበሰባል፤ ቡና ይፈላል፤ ይጸለያል። ሲሞን ሜሲንግ የተባለ የባህል አጥኚ በጎንደር አካባቢ ስለ ዛር አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1958 ጽፏል። የዛር ስብሰባ ለታማሚው የቡድን ሕክምና ሆኖ እንደሚያገለግል አስረድቷል። በተለይ በኑሮዋ የተጨቆነች ሴት፣ በሌላ ቦታ ልትናገር የማትችለውን እዚያ ትናገራለች።

ጉዳቱስ? መንፈሱ በግድ መውጣት አለበት ሲባል ዱላ ይመጣል። ጭስ ማጠን፣ ማስራብ፣ ማሰር ይከተላል። ጂኒው እንዲወጣ ተብሎ ሲመታ የሚያመው ጂኒውን አይደለም፤ ልጁን ነው። ሌላው ጉዳት ጊዜ ነው። ከቦታ ቦታ ሲዞሩ ወራትና ዓመታት ያልፋሉ። ሕመሙም በዚያው ልክ ሥር ይሰዳል።

ሁለተኛው በር፤ አካል

ከ2400 ዓመት ገደማ በፊት በግሪክ አገር ሂፖክራተስ የሚባል ሐኪም ነበር። በእሱ ስም ከሚታወቁት መጻሕፍት አንዱ ስለሚጥል በሽታ ይናገራል። በዚያን ጊዜ ሰዎች ይህን በሽታ «ከአማልክት የመጣ ቅዱስ በሽታ» ይሉት ነበር። መጽሐፉ ግን ከሌላው በሽታ የተለየ ቅድስና የለውም፤ መነሻው አንጎል ነው ይላል። እነዚህ የጥንት ሐኪሞች በሰው አካል ውስጥ አራት ፈሳሾች አሉ ብለው ያምኑ ነበር። ጥቁር ሐሞት ሲበዛ ሰው በሐዘን ይዋጣል ይሉ ነበር። ስለ ፈሳሾቹ ተሳስተዋል። ሕመሙን በአካል ውስጥ መፈለጋቸው ግን ትልቅ እርምጃ ነበር።

ይህን ዕውቀት በኋላ ተቀብለው ያሳደጉት በዐረብኛ የሚጽፉ ሊቃውንት ናቸው። ከእነሱም አንዱ ከ980 እስከ 1037 እ.ኤ.አ. የኖረው ኢብን ሲና ነው። በካይሮ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1284 የተሠራው የሱልጣን ቀላውን ሆስፒታል የአእምሮ ታማሚዎችንም ተቀብሎ ያክም ነበር። በዚያን ዘመን በብዙው ዓለም ታማሚው በመንገድ ሲንከራተት፣ እዚያ አልጋ ነበረው።

ሰንሰለቱ የእኛ አገር ነገር ብቻ እንዳይመስላችሁ። በፓሪስ ከተማ ቢሴትር በሚባል ሆስፒታል ታማሚዎች በብረት ታስረው ይኖሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1797 ሰንሰለቱን ያስወለቀው ሰው ሐኪም አልነበረም። ዣን ባፕቲስት ፑሳን የሚባል የታማሚዎች ጠባቂ ነበር። እሱ ራሱ ቀድሞ በዚያው ሆስፒታል ታክሞ የዳነ ሰው ነው። ከእሱ ጋር የሠራው ሐኪም ፒኔልም ይህንኑ ሥራ ቀጠለበት።

ትልቁ ለውጥ የመጣው ግን በ20ኛው መቶ ዓመት ነው። እ.ኤ.አ. በ1949 በአውስትራሊያ ጆን ኬድ የተባለ ሐኪም ሊቲየም የሚባለው ጨው ከልክ ያለፈ የደስታና የቁጣ ሕመምን እንደሚያበርድ አሳየ። እ.ኤ.አ. በ1952 ደግሞ በፓሪስ ክሎርፕሮማዚን የሚባለው መድኃኒት ተሞከረ። የማይታይ ሰው ያናግራቸው የነበሩ ታማሚዎች ድምፁ ቀነሰላቸው፤ እንቅልፍ ተኙ፤ ከሰው ጋር መነጋገር ጀመሩ።

መድኃኒቱ ምን ይሠራል? በአንጎላችን ውስጥ 86 ቢሊዮን ገደማ የነርቭ ሴሎች አሉ። እነዚህ ሴሎች መልእክት የሚለዋወጡት ቅመሞችን በመላክ ነው። ከቅመሞቹ አንዱ ዶፓሚን ይባላል። መድኃኒቱ የዶፓሚንን መልእክት ይቀንሳል።

ለዚህ ከሐረር የተሻለ ምሳሌ የለም። ጫትን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በጫት ቅጠል ውስጥ ካቲኖን የሚባል ቅመም አለ፤ ይህም በአንጎል ውስጥ ዶፓሚን እንዲበዛ ያደርጋል። መርቃናው የሚመጣው ከዚያ ነው። አብዝቶ የሚቅም ሰው አንዳንዴ ይጠራጠራል፤ «ይከታተሉኛል» ይላል። የለመደው ሰው ጫቱን ሲያቆም ደግሞ ሌሊት ክፉ ሕልም ያስጨንቀዋል፤ የሚታነቅ ይመስለዋል። ይህንን ሰዉ ዱካክ ይለዋል። አንዳንዱ ዱካክን እንደ መንፈስ ያየዋል። ሳይንስ ግን «አንጎል የለመደው ቅመም ሲጎድልበት የሚያደርገው ነው» ይላል።

ይህም በር ብቻውን ሲቀር ጎድቷል። በ20ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ አንዳንድ ሐኪሞች «ሕመሙ አንጎል ውስጥ ነው» ብለው የታማሚዎችን አንጎል በቀዶ ጥገና ቆርጠዋል። ለዚህ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1949 የኖቤል ሽልማት ሳይቀር ተሰጥቷል። ብዙ ሰው ግን ከዚያ በኋላ ስሜት የሌለው ሆኖ ቀርቷል። ሳይንስ ራሱን ካላረመ እሱም እንደ ሰንሰለት ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛው በር፤ የተደበቀ ስሜት

በአገራችን «ሆድ ይፍጀው» እንላለን። ሰው የከበደውን ነገር ዋጥ አድርጎ ዝም ሲል ነው። ነገር ግን ሆድ ሁሉን ይፈጃል ወይ?

በቪየና ከተማ ይኖር የነበረው ሐኪም ሲግመንድ ፍሮይድ አይፈጅም አለ። ፍሮይድ እ.ኤ.አ. ከ1856 እስከ 1939 የኖረ ሰው ነው። የተዋጠው ሐዘን፣ ፍርሃትና ቁጣ ከአእምሮ አይጠፋም፤ ይደበቃል እንጂ። ተደብቆም በሕልም፣ በጭንቀት፣ አንዳንዴም ምክንያቱ በማይታወቅ የአካል ሕመም ይወጣል አለ። ስለዚህ ታማሚውን አስተኝቶ የመጣለትን ሁሉ እንዲናገር ያደርገው ነበር። ሐኪሙ ይሰማል። በንግግር ማከም በዚህ መንገድ ከሕክምና ሥራዎች አንዱ ሆነ።

ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። የቡና ሰዓት የሆድን ማውጫ አይደለም እንዴ? ልዩነቱ፣ ሐኪሙ ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ አለበት፤ የሚሰማውም በሠለጠነ ጆሮ ነው።

የፍሮይድ ብዙ ሐሳቦች በኋላ በጥናት ሲፈተኑ አልጸኑም። ከዚያም የከፋ ነገር ተከትሏል። ከእሱ በኋላ የመጡ አንዳንድ ሐኪሞች፣ ስኪዞፍሬኒያ ለሚባለው ከባድ ሕመም እናትን ጥፋተኛ አደረጉ። «ፍቅር የነፈገች እናት ልጇን አሳመመች» አሉ። ይህ ስሕተት መሆኑ በጥናት ታውቋል። የጊድር መገላዋ እናት ይህን ልትሰማ ይገባታል። እህቴ፣ ልጅሽን ያሳመምሽው አንቺ አይደለሽም።

አራተኛው በር፤ ልማድ

የሩሲያው ሊቅ ኢቫን ፓቭሎቭ ከውሾች ጋር ይሠራ ነበር። ለውሻው ምግብ ከመስጠቱ በፊት ድምፅ ያሰማዋል። ይህ ሲደጋገም ውሻው ምግቡን ሳያይ፣ ድምፁን ብቻ ሰምቶ ለሃጩ ይፈስ ጀመር። ድምፁና ምግቡ በውሻው አእምሮ ተያያዙ። ሰውም ብዙ ነገር የሚማረው እንዲህ ነው፤ ፍርሃትንም ጭምር።

እስቲ የሐረርን ጅብ እናስብ። ከሌላ አገር የመጣ ሰው ማታ በፈላና በር በኩል ጅብ በእጁ የሚያበላውን ሰው ሲያይ ይንቀጠቀጣል። እዚያው ሰፈር ያደገ ልጅ ግን አይፈራም። ጅቡ አንድ ነው፤ የተለየው ልምዱ ነው። ታዲያ ፍርሃት በልምድ ከተማሩት በልምድ ሊረሱትም ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1958 የደቡብ አፍሪካው ሐኪም ጆሴፍ ዎልፔ ይህን የሚያስረዳ መጽሐፍ አወጣ። ታማሚው የሚፈራውን ነገር በጥቂት በጥቂቱ፣ ረጋ ብሎ እንዲለማመደው ያደርግ ነበር።

ከእሱ በኋላ አሜሪካዊው ሐኪም አሮን ቤክ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ሌላ ነገር ጨመረ። በሐዘን ሕመም የተያዘ ሰው የሚያስበውም ልማድ ይሆንበታል አለ። «እኔ ዋጋ የለኝም፤ ነገም የባሰ ነው» እያለ ራሱን ያስተምራል። ሐኪሙ ታዲያ፣ «ይህን ያልከው በምን ማስረጃ ነው?» እያለ ከታማሚው ጋር ሐሳቡን ይፈትሻል። ይህ ሕክምና በብዙ ጥናት ተፈትኖ ለጭንቀትና ለድባቴ እንደሚረዳ ተረጋግጧል።

የዚህ በር ጉድለቱ ምንድን ነው? ሁሉ ነገር ልማድ ነው ካልን፣ በከባድ ሕመም የተያዘውን ሰው «ለምን ሐሳብህን አትለውጥም? በርታ እንጂ!» ወደ ማለት እንሄዳለን። እግሩ የተሰበረን ሰው ሩጥ እንደማለት ነው።

አምስተኛው በር፤ ኑሮ

ረኃብ፣ ሥራ ማጣት፣ ስደት፣ ጦርነት፣ የልጅ ሞት። እነዚህ አእምሮን አይጎዱም ወይ? ይጎዳሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ግምት፣ ጦርነት ባለበት አካባቢ ከሚኖሩ አምስት ሰዎች አንዱ ገደማ የአእምሮ ሕመም አለበት። ሐረርም ጦርነትን ታውቃለች። በ1970 ዓ.ም. በሶማሊያ ወረራ ጊዜ ውጊያው እስከ ከተማዋ ዳርቻ ደርሶ ነበር።

ኑሮ ካሳመመ፣ ኑሮ ደግሞ ያድናል። ናይጄሪያዊው ሐኪም ቶማስ አዴዮዬ ላምቦ ይህን በሥራ አሳየ። እ.ኤ.አ. ከ1954 ጀምሮ በአቤኦኩታ ከተማ አጠገብ፣ አሮ በሚባል ቦታ፣ ታማሚዎችን በግንብ ውስጥ አልዘጋባቸውም። እያንዳንዱ ታማሚ ከአንድ ዘመዱ ጋር በአካባቢው መንደሮች ተቀመጠ። ጠዋት መድኃኒቱን ይወስዳል፤ ቀን ከገበሬዎች ጋር ይሠራል፤ ማታ በመንደር ያድራል። ላምቦ የባህል ሐኪሞችንም አላባረረም፤ አብረውት ሠሩ። ገበሬዎቹም ታማሚው ሰው መሆኑን አዩ።

ይህም በር ብቻውን አይበቃም። ኑሮው የተመቸው ሰውም ይታመማል። የንጉሥ ልጅም፣ የሀብታም ልጅም የማይታይ ድምፅ ሰምቷል።

ሐረርና አገራችን

ዘመናዊ ሕክምና ሐረር የገባው ቀደም ብሎ ነው። ከተማዋን እስከ 1898 ዓ.ም. ያስተዳደሩት ራስ መኮንን ሆስፒታል አቋቁመው ነበር። የጓድሎፕ ደሴት ተወላጅ የሆነው ሐኪም ጆሴፍ ቪታልየን እዚያ አገልግሏል። ነገር ግን ለአካል ሕመም ሐኪም ሲገኝ፣ ለአእምሮ ሕመም አልተገኘም።

በአዲስ አበባ የአማኑኤል ሆስፒታል በጣሊያን ወረራ ዘመን ተጀመረ። ከዚያም ለብዙ አሥርት ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ሆኖ ቆየ። የሐረር ታማሚ ሐኪም ለማየት ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ መጓዝ ነበረበት። የታመመ ልጅ ይዞ ይህን መንገድ መሄድ ለድኻ እናት ምን ማለት እንደሆነ እናንተ ታውቁታላችሁ። ስለዚህ በጓዳው ውስጥ ያለው ሰንሰለት ከእምነት ብቻ የመጣ አይደለም። ከሐኪም መራቅም የመጣ ነው።

በ1970ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ በዓለም ጤና ድርጅት እርዳታ በአማኑኤል የአእምሮ ሕክምና ነርሶችን ማሠልጠን ተጀመረ። ነርሶቹ ወደየክፍለ ሀገሩ ሆስፒታል ተላኩ። በ1995 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በካናዳ የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ትብብር የአእምሮ ስፔሻሊስት ሐኪሞችን በአገር ውስጥ ማስተማር ጀመረ። በሐረርም የሐሮማያ ዩኒቨርሲቲ ማስተማሪያ በሆነው በሕይወት ፋና ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ይሰጣል። መንገዱ አጥሯል ማለት ነው።

ሕመሙ ምን ያህል እንደተደበቀ ግን አንድ ጥናት ያሳያል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ዓ.ም. በቡታጅራ አጥኚዎች ከቤት ወደ ቤት እየሄዱ 68,378 ሰዎችን ጠየቁ። ስኪዞፍሬኒያ ካለባቸው ሰዎች አብዛኞቹ ዘመናዊ ሕክምና አግኝተው አያውቁም ነበር። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለው ተረታችን እውነት ነው።

ሰፊው በር

እ.ኤ.አ. በ1977 አሜሪካዊው ሐኪም ጆርጅ ኤንግል እንዲህ ሲል ጻፈ፤ በሽታን በአካል ብቻ ማየት አይበቃም፤ የሰውየው አካል፣ አእምሮውና ኑሮው አብረው መታየት አለባቸው። ዛሬ ጥሩ ሐኪም የሚሠራው በዚህ መንገድ ነው። በሐረርም ከአምስቱ የጥንት በሮች ሌላ፣ በኋላ መኪና የሚያስገባ ሰፊ በር ተከፍቷል። ሐረር በር ይባላል።

እንግዲህ ወደ ጓዳው እንመለስ። እናቲቱ ምን ታድርግ?

መድኃኒት የልጁን እንቅልፍ ይመልሳል፤ ድምፁንም ይቀንስለታል። ይህ የአካል በር ነው። ምክርና ንግግር ፍርሃቱን ያቀልለታል። ሥራና ጓደኛ ወደ ሰው ይመልሰዋል። ጸሎቱስ? ጸሎቱን አትተው። በ1999 ዓ.ም. አቡነ ጳውሎስ የኤች.አይ.ቪ. ታማሚዎች ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ መክረው ነበር። ለአእምሮ ሕመምም ይኸው ምክር ይሠራል። ዱዓውም ጠበሉም ከኪኒኑ ጋር አይጣሉም። የሚጣላው ዱላና ሰንሰለት ነው።

ደግሞም አንድ ነገር አስተውሉ። መድኃኒቱን ልጁ ተሽሎኛል ብሎ በራሱ ማቆም የለበትም። ቢያስቸግረው፣ እጁ ቢንቀጠቀጥ፣ ቢያደነዝዘው ለሐኪሙ ይነገር። ሐኪሙ ይለውጠዋል ወይም ይቀንሰዋል። «መሞት እፈልጋለሁ» የሚል ሰው ካለ ደግሞ ብቻውን አትተዉት፤ አትቆጡትም፤ ፈጥናችሁ ወደ ሐኪም ውሰዱት።

አዲስ አንባቢዎች፣ ፊደል የቆጠራችሁት ለዚህም ይጠቅማል። እናቲቱ ከሆስፒታል ስትመለስ አንድ ካርድ ይዛ ትመጣለች። በካርዱ ላይ የቀጠሮው ቀን ተጽፏል። በኪኒኑ ከረጢት ላይ «ማታ አንድ» የሚል ይኖራል። ትናንት ይህን የሚያነብላት ሰው ፍለጋ ጎረቤት ትሄድ ነበር፤ የልጇም ምስጢር በሰፈሩ ይወራ ነበር። ዛሬ ግን ራሷ ታነበዋለች።

ያን ቀን ቁልፉን ከመቀነቷ ትፈታለች። ወደ ጓዳ ትገባለች። ሰንሰለቱን የሚፈታው ቁልፉ ብቻ እንዳልሆነ ታውቃለች። «ሕመሙ ምንድን ነው?» ለሚለው ጥያቄ የተሻለ መልስ ስላገኘች ነው የምትፈታው።

ለሰው መድኃኒቱ ሰው ነው። ደኅና ሰንብቱ።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. አምስቱ በሮች ምን ምን ናቸው? ስማቸውን ጻፉ።
2. እያንዳንዱ በር አንድ ጥቅምና አንድ ጉዳት አለው። ከአምስቱ ሁለቱን መርጣችሁ አስረዱ።
3. በፓሪስ ሰንሰለት ያስወለቀው ፑሳን ቀድሞ ምን ነበር? ይህ ምን ያስተምረናል?
4. በሰፈራችሁ «እብድ» የሚባል ሰው አለ? በስሙ ነው የምትጠሩት? ካልሆነ ለምን?
5. «ሆድ ይፍጀው» የሚለው አባባል መቼ ይጠቅማል? መቼስ ይጎዳል? ተነጋገሩበት።